ዊንች

ዊንች ገመድን፣ የብረት ገመድን ወይም ሰንሰለትን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ እየጠቀለለ ከባድ ነገር ለመሳብ፣ ለማንሳት፣ ለማውረድና አጥብቆ ለመያዝ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በእጅ፣ በእንፋሎት፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ወይም በዘይት ግፊት (ሃይድሮሊክ) ሊሠራ ይችላል። በመርከብና በጀልባ ላይ መልሕቅ ለመጣልና ለማንሳት፣ መርከብን ከወደብ ጋር ለማሰር፣ ሸራ ለመወጠርና ጭነት ለማውጣት ይጠቅማል። በየብስ ላይ ደግሞ በውሃ ጉድጓድ፣ በክሬን፣ በአሳንሰር፣ በግድብ በሮችና የተበላሸ መኪና በሚጎትቱ ተሽከርካሪዎች ላይ ይገኛል።

ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት አገር ብትሆንም የንግድ መርከቦች አሏት፤ ዜጎቿም በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ከዚህ በተጨማሪ የዊንች ቀላሉ ዓይነት፣ ማለትም በእጀታ የሚዞር የጉድጓድ ውሃ መቅጃ፣ በገጠርም በከተማም የታወቀ ነው።

ስያሜ

«ዊንች» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሲሆን በግንባታ፣ በጋራዥና በወደብ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እንዲሁ ይጠቀሙበታል። የመልሕቅ ሰንሰለት የሚስበው ዓይነት በዚህ ጽሑፍ «የመልሕቅ ዊንች» ተብሏል። ከበሮው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመው ዓይነት ካፕስታን ይባላል። ዊንች ከበከራ ይለያል፦ በከራ የገመዱን አቅጣጫ የሚቀይር ወይም ጭነቱን በበርካታ ገመዶች ላይ የሚያካፍል ጎድጓዳ ጎማ ነው፤ ገመዱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ አያስቀምጥም። ከክሪክም ይለያል፤ ክሪክ ጭነቱን ከታች ሆኖ ይገፋዋል እንጂ በገመድ አይስበውም። በብዙ ማሽኖች ላይ ዊንችና በከራ አብረው ይሠራሉ።

አሠራር

ዋና ዋና ክፍሎች

ዊንች በአብዛኛው የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

ከበሮ፦ ገመዱ የሚጠቀለልበት ክብ አካል ነው። ገመዱ እንዳያመልጥ በሁለቱም ጫፍ ከፍ ያለ ከንፈር ይደረግለታል።

ዘንግ፦ ከበሮውን ተሸክሞ አብሮት የሚዞር ብረት ወይም እንጨት ነው። በዘመናዊ ዊንች ላይ በኩሽኔታ ይያዛል።

እጀታ ወይም ሞተር፦ የማዞሪያውን ጉልበት ይሰጣል።

ጥርሶች፦ የሞተሩን ፈጣን ዙር ወደ ዝግተኛ ግን ጠንካራ ዙር ይለውጣሉ።

መቆለፊያ ምላስ፦ ጥርስ ባለው ጎማ ላይ እየወደቀ ከበሮው ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ትንሽ ብረት ነው።

ፍሬን፦ ጭነቱ በሚወርድበት ጊዜ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፤ ሲቆምም ይይዘዋል።

የጉልበት ስሌት

ዊንች «ጎማና ዘንግ» ከሚባለው ቀላል ማሽን ወገን ነው። እጀታው ከዘንጉ ርቆ ስለሚዞር ትንሽ ጉልበት ትልቅ ጭነት ያነሳል። ሰበቃውን ለጊዜው ብንተወው ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

የሰው ጉልበት × የእጀታው ርዝመት = ጭነቱ × የከበሮው ራዲየስ

ለምሳሌ የአንድ ጉድጓድ ከበሮ ራዲየስ 10 ሴ.ሜ.፣ የእጀታው ርዝመት 40 ሴ.ሜ. ቢሆን፣ 20 ሊትር ውሃ የያዘ (20 ኪ.ግ. የሚመዝን) ባልዲ ለማንሳት 5 ኪ.ግ. የማንሳት ያህል ጉልበት ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ በነፃ አይገኝም። ከበሮው አንድ ዙር ሲዞር ባልዲው ከፍ የሚለው 63 ሴ.ሜ. ብቻ ሲሆን እጅ የሚጓዘው ግን 2.5 ሜትር ያህል ነው። ጉድጓዱ 20 ሜትር ጥልቀት ካለው 32 ዙር ገደማ ያስፈልጋል፤ እጅም በጠቅላላው ወደ 80 ሜትር ይጓዛል። ጉልበቱ በአራት እጥፍ ሲቀንስ ርቀቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል።

ገመዱ በከበሮው ላይ ተደራርቦ ሲጠቀለል የከበሮው ራዲየስ እንዳደገ ይቆጠራል። ከላይ ባለው ምሳሌ ራዲየሱ ከ10 ወደ 13 ሴ.ሜ. ቢያድግ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ5 ወደ 6.5 ኪ.ግ. ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት የሞተር ዊንች የመሳብ አቅም በብዛት የሚገለጸው ገመዱ በመጀመሪያው ድርብ ላይ ሳለ ነው። የላይኛው ድርብ ላይ ሲደርስ አቅሙ ይቀንሳል።

በሞተር ዊንች ላይ የእጀታውን ሥራ የሚተኩት ጥርሶች ናቸው። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ሞተር ከበሮውን በደቂቃ 15 ዙር ብቻ እንዲያዞር ከተደረገ፣ የማዞር ኃይሉ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር መቶ እጥፍ ያድጋል።

የሰበቃ ሚና

ካፕስታን ገመዱን ጠቅልሎ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞርበታል፤ አንደኛው ጫፍ ወደ ጭነቱ ሲሄድ ሌላኛውን ጫፍ ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። ከበሮው ሲዞር ገመዱን የሚስበው ሰበቃ ነው። ሠራተኛው በትንሹ ቢስብ ገመዱ ከበሮውን አጥብቆ ይይዛል፤ ቢያላላው ገመዱ ይንሸራተታል።

በተጠመጠመ ገመድ ላይ ሰበቃ እንዴት እንደሚያድግ የሚገልጸው ቀመር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የሒሳብ ሊቅ ከሌናርድ ኦይለር ስም ጋር ይያያዛል። በቀመሩ መሠረት ዙር በተጨመረ ቁጥር የመያዝ አቅሙ የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። የሰበቃው መጠን 0.25 ከሆነ በእጅ 1 ኪ.ግ. ያህል የሚይዝ ሰው በሌላኛው ጫፍ የሚከተለውን ማቆም ይችላል፦

በ1 ዙር፦ ወደ 5 ኪ.ግ.
በ2 ዙር፦ ወደ 23 ኪ.ግ.
በ3 ዙር፦ ወደ 111 ኪ.ግ.
በ4 ዙር፦ ወደ 535 ኪ.ግ.

መርከበኞች ትልቅ መርከብን በብረት ምሰሶ ላይ በተጠመጠመ ገመድ ማቆም የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ እርጥብ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ግን ሰበቃው ስለሚቀንስ የመያዝ አቅሙም በዚያው መጠን በፍጥነት ይወርዳል።

ዓይነቶች

ዊንቾች በከበሮው አቀማመጥ፣ በኃይል ምንጫቸውና በሥራቸው ይከፈላሉ።

አግድም ዊንች፦ ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ነው። የጉድጓድ ውሃ መቅጃና አብዛኞቹ የትልልቅ መርከቦች የመልሕቅ ዊንቾች ከዚህ ይመደባሉ።

ካፕስታን፦ ዘንጉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ገመድ ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣለት ይችላል፤ ሞተሩም ከመርከቡ ወለል በታች ስለሚቀመጥ ቦታ አይዝም።

የሸራ ዊንች፦ በሸራ ጀልባዎች ላይ የሚገኝ ትንሽ የቆመ ከበሮ ነው። በላዩ ላይ በሚሰካ እጀታ ይዞራል።

የማሰሪያ ገመድ ዊንች፦ መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም የሚታሰርበትን ገመድ ይጠቀልላል።

የጭነት ዊንች፦ በመርከብና በወደብ ክሬኖች ውስጥ ሆኖ ዕቃ ያነሳል፣ ያወርዳል።

የተሽከርካሪ ዊንች፦ ጭቃ ውስጥ የተያዘ ወይም ገደል የገባ መኪና ለማውጣት በመኪና ላይ የሚገጠም ነው።

የመልሕቅ ዊንች

ሰንሰለቱና ክፍሎቹ

ትልልቅ መርከቦች መልሕቃቸውን የሚያስሩት በገመድ ሳይሆን በወፍራም የብረት ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት በመሃሉ የሚያልፍ ድጋፍ አለው፤ ይህም ቀለበቱ እንዳይጨመደድና ሰንሰለቱ እንዳይቆላለፍ ይረዳል። የሰንሰለቱ ርዝመት የሚቆጠረው 27.5 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ሲሆን ቁራጮቹ በሚፈታ ማያያዣ ይገናኛሉ። መርከበኛው ስንት ቁራጭ እንደወጣ እንዲያውቅ በማያያዣዎቹ አካባቢ ቀለም ይቀባል።

የመልሕቅ ዊንች ከሌሎች ዊንቾች የሚለየው ሰንሰለቱን በከበሮ ላይ አለመጠቅለሉ ነው። በከበሮ ፋንታ የሰንሰለቱን ቀለበቶች የሚይዙ ጎድጓዳ ጥርሶች ያሉት ጎማ አለው። ሰንሰለቱ በጎማው ላይ አልፎ ከሥሩ ወዳለ የሰንሰለት ማከማቻ ክፍል በራሱ ክብደት ይወርዳል። ጎማው ለአንድ የሰንሰለት መጠን ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሌላ መጠን ያለው ሰንሰለት ቢገባበት ይዘላል ወይም ይሰበራል።

ጎማው ከሞተሩ ጋር በፍሪሲዮን ይገናኛል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማው በነፃ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የሚቆጣጠረው ዙሪያውን የሚያቅፍ የፍሬን ቀበቶ ብቻ ነው። ከዊንቹ ፊት ለፊት ደግሞ የሰንሰለት ማቆሚያ አለ። መርከቡ መልሕቅ ጥሎ በቆመበት ጊዜ የማዕበሉንና የነፋሱን ጉልበት መሸከም ያለበት ይህ ማቆሚያ እንጂ ዊንቹ አይደለም። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍ ማከማቻ ክፍሉ ውስጥ ይታሰራል፤ በአደጋ ጊዜ መርከቡ መልሕቁን ጥሎ እንዲሄድ ከውጭ ሊፈታ በሚችል መንገድ ነው የሚታሰረው።

መልሕቅ መጣልና ማንሳት

መርከብን የሚይዘው የመልሕቁ ክብደት ብቻ አይደለም። መልሕቁ ጥፍሩን በባሕሩ ወለል ውስጥ የሚቀብረው በአግድም ሲሳብ ነው፤ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ይነቀላል። ስለዚህ የሚለቀቀው ሰንሰለት ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ይረዝማል። መሬት ላይ የተኛው የሰንሰለት ክፍል ስቡ አግድም እንዲሆን ያደርጋል፤ መርከቡ በማዕበል ሲንጓለልም እንደ ስፕሪንግ ያለሰልሰዋል።

በጥልቅ ውሃ ላይ መልሕቁ በዊንቹ ሞተር እየተቆጣጠረ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን በፍሬን ብቻ ሊለቀቅ ይችላል። ሲነሳ መርከቡ በራሱ ሞተር ቀስ ብሎ ወደ መልሕቁ ይጠጋል፤ ዊንቹ የላላውን ሰንሰለት ይሰበስባል። ዊንቹ መርከቡን እንዲጎትት መገደድ የለበትም፤ ለዚያ ሥራ አልተሠራምና።

የአቅም መለኪያ

የመርከቦችን ጥራት የሚመዘግቡ ዓለም አቀፍ ተቋማት ማኅበር የመልሕቅ ዊንች ምን ያህል መሳብ እንዳለበት ወስኗል። ስሌቱ የሚነሳው ከሰንሰለቱ ውፍረት ነው፦ ከፍተኛ ጥንካሬ ላለው (3ኛ ደረጃ) ሰንሰለት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱም በ47.5 ተባዝቶ ዊንቹ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ መሳብ ያለበትን ኃይል በኒውተን ይሰጣል። ለምሳሌ 60 ሚ.ሜ. ውፍረት ላለው ሰንሰለት፦

60 × 60 × 47.5 = 171,000 ኒውተን

ይህ 17 ቶን ከሚበልጥ ጭነት ጋር ይመጣጠናል። የዚህ ሰንሰለት አንድ ሜትር ብቻውን ወደ 80 ኪ.ግ.፣ አንድ ቁራጭ ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ዊንቹ በአማካይ በደቂቃ ቢያንስ 9 ሜትር መሰብሰብ ይኖርበታል፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ቁራጭ ለማስገባት 3 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የፍሬኑም አቅም ተወስኗል። ማቆሚያ በሌለበት መርከብ ላይ ፍሬኑ ብቻውን ሰንሰለቱን ሊበጥስ ከሚችለው ኃይል 80 በመቶውን መቋቋም አለበት፤ ማቆሚያ ካለ ግን 45 በመቶው ይበቃል።

ታሪክ

ዊንችን በጽሑፍ ከጠቀሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ነው። እርሱ እንደጻፈው የፋርሱ ንጉሥ ሰርክሲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ወደ ግሪክ ሲዘምት ጀልባዎችን ደርድሮ በሄሌስፖንት የባሕር ሰርጥ ላይ ድልድይ አሠራ። ድልድዩን የያዙት ከተልባ ጭረትና ከፓፒረስ የተገመዱ ትልልቅ ገመዶች ሲሆኑ የተወጠሩትም በእንጨት ዊንች ነበር። ፓፒረስ በኢትዮጵያ ደንገል የሚባለውና የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ሄሮን ደግሞ ዊንችን ከመፈንቅል፣ ከበከራ፣ ከሽብልቅና ከብሎን ጋር ከአምስቱ ቀላል ማሽኖች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

በሸራ መርከቦች ዘመን መልሕቅ ማንሳት ከመርከብ ሥራዎች ሁሉ አድካሚው ነበር። በትልልቅ የጦር መርከቦች ላይ በካፕስታኑ ራስ ላይ ረጃጅም እንጨቶች ይሰኩና ከ100 በላይ መርከበኞች እየገፉ ይዞሩ ነበር። እርምጃቸው አንድ እንዲሆንም ሙዚቃ ይመታላቸው ወይም አብረው ይዘፍኑ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሳሙኤል ብራውን የመርከብ ሰንሰለትን በማሻሻል የቃጫውን ወፍራም ገመድ እንዲተካ አደረገ። ሰንሰለት በድንጋይ አይቆረጥም፣ አይበሰብስም፣ ቦታም አይፈጅም። ሆኖም እንደ ገመድ በከበሮ ላይ ሊጠመጠም ስለማይመች ጥርስ ያለው ጎማ ተፈለገ። በዚያው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተር የሰውን ጉልበት መተካት ጀመረ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኤሌክትሪክና ሃይድሮሊክ ተስፋፉ።

በኢትዮጵያ

ከዊንች በፊት የነበረ አሠራር

ኢትዮጵያ ውስጥ ከባድ ነገር ሲጓጓዝ ለረጅም ጊዜ የዋለው ጠፍርና የብዙ ሰው ክንድ ነው። ዋና ምሳሌው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ የተጓዘው መንገድ እየተጠረገለት በብዙ መቶ ሰዎች እየተጎተተ ነው። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳምም እስከ ዛሬ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ ከላይ ያሉት መነኮሳት ገመዱን የሚስቡት በእጃቸው ነው።

የዊንች ሐሳብ ግን እንግዳ አልነበረም። ሸማኔ ሠርቶ የጨረሰውን ልብስ ከፊቱ ባለው እንጨት ላይ ይጠቀልላል፤ ድሩ እንደተወጠረ እንዲቆይም እንጨቱ ወደኋላ እንዳይዞር ይቆልፈዋል። ይህ የከበሮና የመቆለፊያ ምላስ ሥራ ነው። ገመድ ውስጥ እንጨት አስገብቶ እየጠመዘዙ ጭነት ማጥበቅም ከዚሁ ወገን ነው።

ባሕር ኃይልና የንግድ መርከቦች

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመ ሲሆን ዋና ጣቢያው ምጽዋ ነበር። ትልቁ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። 95 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች መርከብ ቀድሞ «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ስትሆን ለኢትዮጵያ የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያውያን መርከበኞች ከመልሕቅ አያያዝ ጀምሮ የባሕር ሙያን ከተማሩባቸው መርከቦች አንዷ ናት። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1958 ዓ.ም. በሦስት መርከቦች ሥራ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቻይና ተሠርተው ከገቡት አዳዲስ መርከቦች መካከል ጊቤ፣ መቀሌና አሶሳ ይገኙበታል። እነዚህ ልዩ ልዩ ጭነት የሚይዙ መርከቦች እያንዳንዳቸው ወደ 28,000 ቶን የሚሸከሙ ሲሆን ዕቃ የሚያወጡባቸው ክሬኖች አሏቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛም የምህንድስና ምሩቃንን ለመርከብ ሞተርና ኤሌክትሪክ ሥራ ያሠለጥናል፤ ዊንችን መንከባከብ ከእነዚህ ባለሙያዎች የዘወትር ሥራ አንዱ ነው።

በጣና ሐይቅ

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ መልሕቅም ዊንችም አያስፈልገውም። ቀላል ስለሆነ ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። የሞተር ጀልባዎች ግን መልሕቅ ይይዛሉ። የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና የትንንሽ ጀልባዎች መልሕቅ ቀላል ስለሆነ በእጅ ማንሳት ይቻላል። የጀልባው መጠን ሲያድግ ግን የመልሕቁ ክብደት ከአንድ ሰው ጉልበት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ዊንች ግድ ይሆናል።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢት በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በአካባቢው የሚወርዱት የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመሆኑም የይፋት ውሃ ከባሕር ጋር አይገናኝም፤ የይፋት ታሪክ ግን ከባሕር ጋር የተያያዘ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ የቆየው የይፋት ሱልጣኔት የዘይላን ወደብ ከደጋው አገር ጋር ያገናኝ ነበር። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሚገኙት እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሾችና መስጊዶች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ይኸው ግንኙነት በሌላ መልክ ቀጥሏል። የአዋሽ – ሚሌ መንገድ ከመሠራቱ በፊት በአሰብ ወደብ ከመርከብ የወረደ ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በኮምቦልቻ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር በኩል ነበር። ከሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ዳገት ለከባድ መኪና እስከ ዛሬ ፈታኝ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ከመስመር የወጣ መኪና የሚወጣው ዊንች በተገጠመለት ተሽከርካሪ ነው።

ቆላው ሞቃትና ዝናቡ የሚቆራረጥ በመሆኑ ገበሬው ሽንኩርት፣ ትምባሆና ሌላ ሰብል ለማምረት መስኖ ይጠቀማል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ የመጀመሪያው ማሽን ዊንች ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር አፈር ይወጣበታል፤ ካለቀ በኋላ ውሃ ይቀዳበታል። በኢትዮጵያ ገጠር የተስፋፋው የገመድ ፓምፕም የዊንች ዘመድ ነው። በእጀታ የሚዞር ጎማ፣ ክብ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጮች የታሰሩበትን ገመድ በቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። ከባልዲ የሚሻለው ውሃውን ሳያቋርጥ ስለሚያወጣና የጉድጓዱ አፍ ሊከደን ስለሚችል ነው።

አደጋና ጥንቃቄ

ዊንች ትንሽ ጉልበት ትልቅ ጭነት እንዲያነሳ ያደርጋል፤ በተቃራኒው ደግሞ የተንጠለጠለ ጭነት በአንዴ ሲለቀቅ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እጀታው ይመለሳል። መቆለፊያ ምላስ በሌለው የጉድጓድ ዊንች ላይ እጀታው ከእጅ ካመለጠ በኃይል እየተሽከረከረ ክንድ ወይም መንጋጋ ሊሰብር ይችላል። ያመለጠን እጀታ ለመያዝ መሞከር አይገባም፤ ፈጥኖ መራቅ ይሻላል። መቆለፊያ ምላስ ከአንዲት ቁራጭ ብረት ሊሠራ የሚችል ርካሽ ነገር ቢሆንም ይህን አደጋ በአብዛኛው ያስቀራል።

ለዕቃ የተሠራ ዊንች ሰው ለማውረድ ወይም ለማውጣት አይሆንም። ጉድጓድ ቆፋሪ በዊንች የሚወርድ ከሆነ ከዊንቹ ገመድ የተለየ ሁለተኛ ገመድ በሰውነቱ ላይ ታስሮ በሌሎች ሰዎች መያዝ አለበት። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሊያንስ ወይም የፓምፕ ሞተር ጭስ ሊጠራቀም ይችላል። ቆፋሪው ራሱን ቢስት በቶሎ ማውጣት የሚቻለው አስቀድሞ በታሰረው ገመድ ነው። ለማዳን ብሎ ያለ ገመድና ያለ አየር የሚገባ ሁለተኛ ሰውም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል።

በመርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው የተወጠረ ገመድ መበጠስ ነው። በተለይ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ገመድ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ይረዝማል፤ ሲበጠስ ያጠራቀመውን ኃይል በቅጽበት ለቅቆ ወደኋላ ይገረፋል። ሰው ይገድላል፣ እግር ይቆርጣል። በመሆኑም ዊንች በሚሠራበት ጊዜ በገመዱ አቅጣጫም ሆነ ገመዱ በሚታጠፍበት ምሰሶ አካባቢ መቆም ክልክል ነው። በመልሕቅ ዊንች ላይ ደግሞ ሰንሰለቱ ከፍሬኑ አቅም በላይ ፍጥነት ካገኘ የፍሬኑ ሽፋን ይቃጠላል፤ ሰንሰለቱም የታሰረበትን ጫፍ ነቅሎ እስኪወጣ ድረስ አይቆምም። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን ለማጥበቅ ከመታገል ይልቅ ከአካባቢው መሸሽ ያድናል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት የመርከብ ማሰሪያ መሣሪያዎች አነዳደፍ፣ ምርመራና ጥገና ላይ ጠበቅ ያለ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል።

ለማንኛውም ዊንች የሚሆኑ የጋራ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ገመዱ እስከ መጨረሻው አይፈታም፤ ቢያንስ ሦስት ዙር በከበሮው ላይ መቅረት አለበት። ጭነቱን የሚይዘው በአብዛኛው የእነዚህ ዙሮች ሰበቃ እንጂ የገመዱ ማሰሪያ አይደለም።

የብረት ገመድ ያለ ወፍራም ጓንት አይነካም፤ የተበጠሱ ሽቦዎች ከታዩበት ይቀየራል።

የሚዞር ከበሮ አጠገብ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌ ወይም የተፈታ ፀጉር አያስጠጉም።

በተንጠለጠለ ጭነት ሥር አይቆሙም።

እንክብካቤ

የዊንች ዋና ጠላቶች ዝገት፣ አሸዋና የግራሶ ማነስ ናቸው። በባሕር ላይ ጨው፣ እንደ ይፋት ባለ ቆላ ደግሞ አቧራ ኩሽኔታውን ይበላል። ኩሽኔታና ጥርሶች በየጊዜው ግራሶ ይቀባሉ። የፍሬን ሽፋን ግን ዘይትም ግራሶም ሊነካው አይገባም፤ ከነካው መያዝ ያቆማል። የመልሕቅ ሰንሰለት ሲነሳ ጭቃው በውሃ ይታጠባል፤ የቀለበቶቹ ውፍረትም መርከቡ ለጥገና በወጣ ቁጥር ይለካል። የእንጨት የጉድጓድ ዊንች ዘንጉ የሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ስለሚበላ በቁራጭ ቱቦ ወይም በኩሽኔታ ላይ ቢያርፍ ዕድሜው ይረዝማል። ገመዱም ፀሐይ እንዳይጎዳው በማይሠራበት ጊዜ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል።